የሙዚቃ ማጫወቻን ከአሮጌ መኪና ቴፕ ጋር ማገናኘት

የሙዚቃ ማጫወቻን ከአሮጌ መኪና ቴፕ ጋር ማገናኘት ማለት በኪስ ወይም በእጅ የሚያዝ ማጫወቻ የሚያወጣው ድምፅ በመኪናው ቴፕ በኩል አልፎ በመኪናው ስፒከሮች እንዲሰማ የማድረግ ሥራ ነው። ማጫወቻው ዎክማን፣ ተንቀሳቃሽ ሲዲ ማጫወቻ፣ አይፖድ፣ ሌላ የኤምፒ3 መሣሪያ ወይም ስማርት ስልክ ሊሆን ይችላል። «ቴፕ» የሚለው ቃል እዚህ በአማርኛ እንደተለመደው ካሴት የሚያጫውተውንም የማያጫውተውንም የመኪና ራዲዮ ይመለከታል።

የሚመረጠው ዘዴ በማጫወቻው ሳይሆን በቴፑ ይወሰናል። ካሴት ማስገቢያ ያለው ቴፕ በካሴት አዳፕተር፣ ራዲዮ ብቻ ያለው በኤፍ ኤም ትራንስሚተር፣ የድምፅ መግቢያ ቀዳዳ (ኦክስ) ያለው ደግሞ በአንድ ቀጭን ገመድ ይገናኛል። ከእነዚህ አንዱም የማይሆንለት ተከፍቶ ይበየዳል ወይም በሌላ ቴፕ ይቀየራል። በድምፅ ጥራት ኦክስ ቀዳሚ ነው፤ ደህና የካሴት አዳፕተር ይከተለዋል፤ ትራንስሚተር አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው። ይሁን እንጂ ምንም ሳይፈታና ሳይቆረጥ ስለሚሠራ ብዙ ሰው የሚጀምረው በትራንስሚተር ነው።

የችግሩ አመጣጥ

አንድ መኪና ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ የሙዚቃ ማጫወቻ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሌላ ዓይነት ይተካል። የማገናኘት ችግር የሚነሣው ከዚህ የዕድሜ አለመመጣጠን ነው። ሶኒ ዎክማንን እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ሲያቀርብ ችግሩ ገና አልነበረም፤ በዎክማን የሚደመጠው ካሴት ራሱ ወጥቶ መኪናው ቴፕ ውስጥ ይገባ ነበርና። ሲዲ በ1982፣ ዲ-50 የተባለው የሶኒ ተንቀሳቃሽ ሲዲ ማጫወቻ ደግሞ በ1984 ሲወጡ ነገሩ ተለወጠ። በመንገድ ላይ የነበሩት መኪኖች የነበራቸው ካሴት ወይም ራዲዮ ብቻ ነው፤ ሲዲን ለመቀበል የሚሆን ቀዳዳ አልነበራቸውም። ካሴት አዳፕተር በዚያው በ1980ዎቹ የተፈለሰፈው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ፈልሳፊው አሜሪካዊው መሐንዲስ ላሪ ሾትስ ነው።

አይፖድ በ2001 ሲወጣ ፍላጎቱ ይበልጥ ጨመረ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመኪና ፋብሪካዎች ኦክስ ቀዳዳ እየጨመሩ ካሴቱን እየተዉ ሄዱ። በአሜሪካ ገበያ ከፋብሪካው ካሴት ማጫወቻ ይዞ የወጣ የመጨረሻው አዲስ መኪና የ2010 ሞዴሉ ሌክሰስ ኤስሲ 430 እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማጫወቻዎቹ ራሳቸው ተለወጡ። በ2016 የወጣው አይፎን 7 የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ሌሎች የስልክ አምራቾችም ተከተሉ። ስለዚህ ዛሬ ከቴፑ በተጨማሪ ስልኩም «ቀዳዳ የለኝም» ሊል ይችላል።

በኢትዮጵያ ካሴት ሸክላን ከተካ በኋላ ለረጅም ዓመታት የዘፈን ዋና መሸጫ ሆኖ ቆይቷል። አሮጌ መኪኖችም ከሌላው ዓለም ይልቅ ብዙ ዘመን በሥራ ላይ ይቆያሉ። በ1980ዎቹ የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ወይም ላዳ ከስማርት ስልክ ጋር ተገናኝቶ መገኘቱ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በካሴት አዳፕተር

ካሴት አዳፕተር መልኩ ተራ ካሴት ነው፤ ውስጡ ግን ክር የለውም። ከጎኑ ቀጭን ገመድ ይወጣል፤ የገመዱ ጫፍ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ሆኖ ማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል።

አሠራሩን ለመረዳት ቴፕ ካሴትን እንዴት እንደሚያነብ ማወቅ ይበቃል። የካሴት ክር በማግኔት ዱቄት የተቀባ ነው፤ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር እየተጓዘ በቴፑ ሄድ ፊት ሲያልፍ በላዩ ያለው የማግኔት መለዋወጥ ሄዱ ውስጥ ባለው ጥምጥም ሽቦ ከአንድ ሚሊቮልት ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ቴፑ ይህን አጉልቶ ወደ ስፒከር ይልካል። ሄዱ የማግኔቱን ለውጥ እንጂ የክሩን መኖር አለመኖር አያውቅም። አዳፕተሩም በዚሁ ይጠቀማል፦ ክሩ ሊያልፍበት በሚገባው ቦታ ሌላ ሄድ ተቀምጧል፤ ከማጫወቻው የሚመጣው ኤሌክትሪክ እዚህ ሄድ ላይ የማግኔት ለውጥ ይፈጥራል፤ የቴፑ ሄድ ፊት ለፊት ሆኖ ያነበዋል። በሁለቱ መካከል የሽቦ ግንኙነት የለም። ከዚህ የተነሣ ዘዴው ለማጫወቻውም ለቴፑም አደጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከታች የሚነሣው የዲናሞ ጩኸትም በዚህ ዘዴ እምብዛም አይከሰትም።

በአዳፕተሩ ውስጥ የሚታዩት ጥርሳም ጎማዎች ለድምፁ አያስፈልጉም። ያሉት ቴፑን ለማታለል ነው። ብዙ ቴፖች ጥቅልሉ መዞሩን እየተቆጣጠሩ ካልዞረ ካሴቱ አልቋል ብለው ይቆማሉ፣ ይተፋሉ ወይም ወደ ሌላው ገጽ ይገለብጣሉ። ጥርሳም ጎማዎቹ አንዱን ጥቅልል ከሌላው ጋር አያይዘው ስለሚያዞሩ ቴፑ ካሴት ያለ ይመስለዋል። አዳፕተር አስገብቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ጥርሶቹ ከብደዋል ወይም ተጣብቀዋል። ሽፋኑን የያዙትን ትንንሽ ብሎኖች ፈትቶ አቧራውን መጥረግና የሚከብደውን ማላላት ይረዳል። በራሱ በሚገለብጥ ቴፕ ላይ ደግሞ ድምፁ ጨርሶ ካልተሰማ ወይም በጣም ከደከመ፣ ቴፑ ሌላውን ገጽ እያነበበ ሊሆን ስለሚችል የመገልበጫውን ቁልፍ መጫን የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

ድምፁ የታፈነ መስሎ ከተሰማ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ የቴፑ ሄድ ለዓመታት ካልተጠረገ የካሴት ዱቄት ለብሶ ይሆናል፤ በጥጥና በአልኮል ቀስ አድርጎ ማጽዳት ነው፤ ዘፈኑ ወዲያው ሲጠራ ይሰማል። ሁለተኛ ዶልቢ የሚባለው የሽሽታ መቀነሻ መጥፋት አለበት፤ እሱ የተሠራው በዶልቢ ለተቀዳ ካሴት ስለሆነ ያልተቀዳበትን ድምፅ ቀጫጭኑን ክፍል ይቆርጠዋል። ሦስተኛ አዳፕተሩ በትክክል አልተቀመጠም፤ ሁለቱ ሄዶች ፊት ለፊት ካልተገጣጠሙ አንዱ ጎን ይደክማል። አንዳንድ ርካሽ አዳፕተሮች ከአዲስነታቸው ጀምሮ ሄዳቸው ጠማማ ነው፤ እነሱን ለማስተካከል ከመድከም ሌላ መግዛት ይሻላል።

ገመዱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ካሴቱን ሙሉ በሙሉ ውጦ በሩን የሚዘጋ ቴፕ ገመዱን ሊቆነጥጠው ይችላል። አንዳንድ አዳፕተር ገመዱ በየት በኩል እንደሚወጣ ለመምረጥ ያስችላል፤ ከመግዛት በፊት የቴፑ አፍ ክፍት ጎን በየት እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። ገመድ የሌላቸው፣ ትንሽ ባትሪ ያላቸውና በብሉቱዝ የሚሠሩ አዳፕተሮችም አሉ፤ ቀዳዳ ለሌለው ስልክ ይመቻሉ፤ ባትሪያቸው ሲያልቅ ግን ከቴፑ እያወጡ መሙላት ግድ ነው።

በኤፍ ኤም ትራንስሚተር

ኤፍ ኤም ትራንስሚተር በጣም ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ነው። ከማጫወቻው በገመድ ወይም በብሉቱዝ፣ አለዚያም በቀጥታ ከተሰካበት ፍላሽ የሚያገኘውን ሙዚቃ በኤፍ ኤም ሞገድ ይለቀዋል፤ የመኪናው ራዲዮ በዚያው ቁጥር ላይ ሲስተካከል ይቀበለዋል። አብዛኛው ኃይሉን የሚያገኘው ከሲጋራ መለኮሻው ነው።

ኃይሉ ሆን ተብሎ እጅግ አነስተኛ ተደርጓል። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው በ3 ሜትር ርቀት 250 ማይክሮቮልት በሜትር ነው፤ በአውሮፓ ደግሞ 50 ናኖዋት ነው። በብሪታንያ እነዚህ መሣሪያዎች ሕጋዊ የሆኑት በ2006 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት በማንኛውም ኃይል የተከለከሉ ነበሩ። ገደቡ የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ኃይለኛ ትራንስሚተር የያዘ አንድ መኪና አጠገቡ ባሉ መኪኖች የሚሰማውን የራዲዮ ጣቢያ ሊሸፍን ይችላል።

በኤፍ ኤም ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቁጥር ሲገናኙ ራዲዮው ሁለቱን አይደባልቅም፤ የበረታውን ይዞ ሌላውን ይጥላል። ትራንስሚተር በአግባቡ የሚሠራው ባዶ ቁጥር ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ባዶ ቁጥር ለማግኘት ትራንስሚተሩን አጥፍቶ ራዲዮውን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ወጥ የሆነ የሽሽታ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት፣ ከግራና ከቀኙም ቢያንስ በ0.2 ርቀት ጣቢያ የሌለበት ቁጥር ይመረጣል። በራዲዮው «ፈልግ» ቁልፍ መሄድ አይበጅም፤ ቁልፉ የሚቆመው ጣቢያ ያለበት ላይ ነውና የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ከተማ የሚቀይር መንገደኛ ደግሞ ቁጥሩን መቀየር ሊኖርበት ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ባዶ የነበረው ሐዋሳ ሲደረስ ሰው የያዘው ሊሆን ይችላል። ከመነሣት በፊት ሁለት ሦስት ባዶ ቁጥሮችን በራዲዮው ማስታወሻ ቁልፎች ላይ መያዝ እያሽከረከሩ ከመፈለግ ያድናል።

ድምፁ ከተቆራረጠ የአንቴናው ቦታ ይታያል። አንቴናው በኋላ መስታወት ላይ ያለ መኪና ከሲጋራ መለኮሻው ይርቃል፤ በፊተኛው ጎን ላይ ዘንግ አንቴና ያለው አሮጌ መኪና ግን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። አንቴናውን ማውረድ ወይም ማጠፍ አንዳንዴ ይረዳል፤ የሩቅ ጣቢያዎች ይደክሙና የቅርቡ ትራንስሚተር ይበረታል። ከዚህ የተሻለው በአንቴናው ገመድ መካከል የሚገባው የሽቦ ሞዱሌተር ነው። እሱ በሚበራበት ጊዜ አንቴናውን አቋርጦ ድምፁን በቀጥታ በገመዱ ስለሚልክ የውጭ ጣቢያ አያውከውም፤ ለመግጠም ግን ቴፑን መንቀል ያስፈልጋል።

ለጃፓን ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። የጃፓን የኤፍ ኤም ክልል ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ኋላ እስከ 95 ተዘርግቷል። በኢትዮጵያና በአብዛኛው ዓለም ግን ክልሉ ከ87.5 እስከ 108 ነው። እንዲህ ያለ ራዲዮ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ንም ሸገር 102.1ንም አይዝም። ባለቤቱ ራዲዮው ተበላሽቷል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ራዲዮው ግን ጤነኛ ነው። ሁለቱ ክልሎች ከ87.5 እስከ 90 ባለው ላይ ይገናኛሉ፤ ትራንስሚተሩን ለምሳሌ 88.1 ላይ ማድረግ ይበቃል። ጣቢያዎቹንም ለመስማት በአንቴናው ገመድ ላይ የሞገድ ማውረጃ የተገጠመለት መኪና ቁጥሩ ይዛባል። ማውረጃው 20 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ 102.1 የራዲዮው መስታወት ላይ 82.1 ሆኖ ይነበባል፤ ትራንስሚተሩም በዚሁ ስሌት መፈለግ አለበት።

መካከለኛ ሞገድ ብቻ ለሚይዝ የድሮ ራዲዮ ኤፍ ኤም ትራንስሚተር ምንም አይጠቅምም። ለእሱ ያለው ምርጫ መበየድ ነው።

በኦክስ ቀዳዳ

ኦክስ ካለ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ሁለቱም ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሆነ ገመድ ይበቃል። አንዳንድ ቴፕ ቀዳዳው ከፊት ሳይሆን ከጀርባው ሲሆን ቀይና ነጭ ክብ ሶኬቶች ሆነው ይገኛሉ፤ ቀዩ ቀኝ፣ ነጩ ግራ ነው።

የጃኩ ጫፍ የግራውን፣ መካከለኛው ቀለበት የቀኙን ድምፅ ይይዛሉ፤ ከሥሩ ያለው ረጅም ክፍል ኔጌቲቭ ነው። ማይክሮፎን ያለው የስልክ ጃክ ግን አንድ ቀለበት ይጨምርና አራት ክፍል ይሆናል። የኔጌቲቩና የማይክሮፎኑ ቦታ በሁለት ዓይነት መንገድ ተሠርቶ ስለነበር፣ አሮጌ ስልክን በአራት ክፍል ገመድ ሲያገናኙ የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ መሣሪያው ብቻ ሊሰማ ይችላል። ይህ የኔጌቲቩ አለመገናኘት ምልክት ነው፤ ባለ ሦስት ክፍል ገመድ መጠቀም ያስተካክለዋል።

ድምፁን በሚመጥኑበት ጊዜ የማጫወቻው ቮልዩም ወደ ሦስት አራተኛ ግድም ከፍ ይላል፤ የቀረው በቴፑ ቮልዩም ይስተካከላል። ማጫወቻው ዝቅ፣ ቴፑ ከፍ ሲል ሽሽታው አብሮ ይጎላል። ከዚያ ወደ ራዲዮ ሲመለሱም ድምፁ ጆሮ የሚሰብር ይሆናል፤ አሽከርካሪን በድንገት ማስደንገጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ለሲዲ ቼንጀር የተተወ ሶኬት

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ኦክስ ባይኖራቸውም ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ለሚገጠም ባለ ብዙ ሲዲ ማጫወቻ (ሲዲ ቼንጀር) የሚሆን ሶኬት ከቴፑ ጀርባ ነበራቸው። ሶኬቱ የድምፅ መግቢያ አለው፤ ነገር ግን ቴፑ ቼንጀሩ መኖሩን በዲጂታል መልእክት ካላረጋገጠ መግቢያውን አይከፍተውም። ስለዚህ ገመድ ብቻ ቢሰካ ዝም ይላል። ራሱን ቼንጀር አስመስሎ ለቴፑ የሚመልስ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል፤ መልእክቱ እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ ለመኪናው ዓይነትና ዓመት የተሠራውን መግዛት ግድ ነው።

ለአይፖድ የተሠሩ የመጀመሪያዎቹ የመኪና መሣሪያዎች ሌላ ወጥመድ አላቸው። ማጫወቻውን የሚሞሉት በ12 ቮልት መስመር ነበር፤ አፕል ከ2008 ጀምሮ ይህን መስመር ከአይፎንና ከአዳዲሶቹ አይፖዶች አስወገደ። አዲሱ ስልክ ሲሰካ ይዘፍናል፣ ግን ባትሪው አይሞላም። ብዙ ሰው ገመዱን ይቀያይራል፤ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም።

ቴፑን ከፍቶ መበየድ

ይህ መንገድ የመኪናውን የመጀመሪያ ቴፕ መልኩን ሳይለውጡ ለማቆየት ለሚፈልጉ የሚሆን ነው፤ ብየዳ የማያውቅ ሰው ሊሞክረው አይገባም። ዋናው ሐሳብ ከማጫወቻው የሚመጣው ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ በፊት እንዲገባ ማድረግ ነው። ቮልዩሙ በሚዞር ቁልፍ በሆነ የድሮ ራዲዮ ላይ ቦታው ቀላል ነው፦ ድምፁ ወደ ቮልዩሙ የሚገባበት እግር ይፈለጋል፤ ከራዲዮው የሚመጣው መስመር ተቋርጦ በትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል አንዴ ከራዲዮው፣ አንዴ ከማጫወቻው እንዲመጣ ይደረጋል። በመስመሩ ላይ ቋሚ ኤሌክትሪክ ካለ ወደ ማጫወቻው እንዳይመለስ በእያንዳንዱ ጎን ከ1 እስከ 10 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ይገባል።

ራዲዮው አንድ ስፒከር ብቻ ያለው (ሞኖ) ከሆነ የማጫወቻውን ግራና ቀኝ ሽቦ በቀጥታ ማጣመም ስሕተት ነው፤ ሁለቱ የማጫወቻው አምፕሊፋየሮች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በእያንዳንዱ ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገብቶ ከዚያ ማገናኘት ይገባል። የጆሮ ማዳመጫ ገመድ የሚቆረጥ ከሆነ ሽቦዎቹ ብዙ ጊዜ በቀጭን ቫርኒሽ የተለበጡ ናቸው፤ ያ ካልተቃጠለ ወይም ካልተፋቀ ብየዳው የያዘ መስሎ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ቮልዩሙ በኮምፒውተር ቺፕ የሚታዘዝ ቴፕ ከራዲዮም ከካሴትም ውጭ ያለውን መስመር ይዘጋል። በካሴቱ መስመር ላይ የበየዱ ሰዎች ቴፑ ክፍት እንዲሆን ባዶ ካሴት ያጫውታሉ። ያስቃል፤ ይሠራል ግን።

በጭራሽ የማይደረግ አንድ ነገር አለ፤ የማጫወቻውን ገመድ ወደ ስፒከሩ ሽቦዎች ማገናኘት። የማጫወቻው ጉልበት ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ አይበቃም፤ ቴፑ ሲበራ ደግሞ በስፒከሩ ሽቦ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ማጫወቻውን ያቃጥለዋል።

ጩኸትና ሽሽታ

በኦክስ ወይም በብየዳ ከተገናኘ ማጫወቻ ጋር የሚመጣው የተለመደ ቅሬታ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨቱም ይቀጥናል። ይህ የዲናሞው ድምፅ ነው። ማጫወቻው ከሲጋራ መለኮሻው እየተሞላ ድምፁን ደግሞ በኦክስ ሲልክ ኔጌቲቩ በሁለት መንገድ ከመኪናው ጋር ይገናኛል፤ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለችው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ከዘፈኑ ጋር ተደባልቃ ትጎላለች። መለየቱ ቀላል ነው፦ ቻርጀሩ ሲነቀል ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው በድምፁ ገመድ ላይ የሚገባ ማግለያ ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ ትንሽ ትራንስፎርመር ስላለ ድምፁ በማግኔት ያልፋል፤ ሽቦው ግን ይቋረጣል። በጣም ርካሹ ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ ያሳንሳል። ሌላው ዘዴ ማጫወቻውን ቤት ሞልቶ መውጣት ነው፤ ምንም አያስወጣም።

ከስልክ ጋር ደግሞ ጥሪ ሊመጣ ሲል የሚሰማ «ድድድ ድድድ» የሚል ድምፅ አለ። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ስልኩ በሴኮንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሚልክ ገመዱ እንደ አንቴና ሆኖ ይቀበለዋል። ስልኩን ከገመዱና ከቴፑ ማራቅ ወይም ሽፋን ያለው አጭር ገመድ መጠቀም ይቀንሰዋል።

የኤሌክትሪክ ኃይል

የዩኤስቢ ቻርጀር የመኪናውን ኤሌክትሪክ ወደ 5 ቮልት ይለውጣል። ሞተሩ ሲሠራ «12 ቮልት» የሚባለው በእርግጥ 14 ቮልት ግድም ነው፤ ደህና ቻርጀር ይህን ይችላል። አይሱዙን የመሳሰሉ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ግን ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ናቸው። ለእነሱ ከ12 እስከ 24 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ቻርጀር ወይም ትራንስሚተር ካልተገዛ መሣሪያው ወዲያው ይቃጠላል፤ ስልኩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ባለ 12 ቮልት ቴፕ ለመግጠም ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መስመር መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከልኩ በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ቀድመው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ መግጠም ከሁለት አዲስ ባትሪ ይረክሳል።

የድሮዎቹ ቮልስዋገኖች እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ 6 ቮልት ነበሩ፤ ተራ ቻርጀር እዚያ አይሠራም። በዚያው ዘመን የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ የመኪናው አካል የተያያዘው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ነው። በእንዲህ ያለ መኪና የራዲዮው ቆርቆሮ ፖዘቲቭ ሲሆን የቻርጀሩ ኔጌቲቭ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ነው፤ በድምፁ ገመድ ሲገናኙ ባትሪው በዚያ ቀጭን ገመድ አቋራጭ ያገኛል። ገመዱ ይቀልጣል፤ እሳት ሊነሣ ይችላል። ማጫወቻው በራሱ ባትሪ ብቻ መሥራት አለበት።

ከሲጋራ መለኮሻው ሌላ መስመር የሚጎትት ሰው ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ማስገባት አለበት። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካት የሚከላከለውን ነገር ማጥፋት ነው፤ በፊውዙ ፋንታ የሚቃጠለው ዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሽቦ ጥቅል ነው።

ቴፑን መቀየር

ከአሮጌው ጋር ከመታገል ዩኤስቢና ብሉቱዝ ያለው አዲስ ቴፕ መግጠም ብዙ ጊዜ ይቀላል። የቴፕ ማስገቢያ መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ነው፤ ነጠላው 18 በ5 ሴንቲሜትር፣ ድርቡ 18 በ10 ሴንቲሜትር ነው። በአብዛኞቹ አዳዲስ ቴፖች ቢጫው ሽቦ ከባትሪው የማይቋረጥ መስመር፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ቢጫውና ቀዩ ከተለዋወጡ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ጣቢያዎቹን ይረሳል፤ ሁለቱም ከማይቋረጠው ጋር ከታሰሩ ባትሪው በጥቂት ቀን ይወርዳል። የአንዳንድ አውሮፓ መኪኖች የእነዚህ የሁለቱ መስመሮች ቦታ ከሌላው የተገላቢጦሽ ስለሆነ በመለኪያ ማረጋገጥ ይገባል።

በጣም አሮጌ መኪና ላይ የሚያጠፋው ሌላ ነው። የድሮው ራዲዮ ለእያንዳንዱ ስፒከር አንድ ሽቦ ብቻ ልኮ ሌላውን እግር ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር ያስረው ነበር። የአዲሱ ቴፕ የስፒከር ሽቦዎች ግን ሁለቱም ሕይወት ያላቸው ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የባትሪው ግማሽ ያህል ቮልቴጅ አለ። አንዱ ቆርቆሮውን ከነካ የቴፑ አምፕሊፋየር ይቃጠላል፤ ከሱቅ የወጣ አዲስ ቴፕ በመጀመሪያው ቀን የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ስፒከር አዲስ ሁለት ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል።

ባትሪ ከመንቀል በፊት ቴፑ የሌባ መከላከያ ቁጥር ይጠይቅ እንደሆነ መጣራት አለበት፤ ቁጥሩ ከጠፋ ቴፑ ተቆልፎ ይቀራል።

ፍላሽና በአማርኛ የተጻፉ ስሞች

ፍላሽ የሚቀበሉ ትራንስሚተሮችና ርካሽ ቴፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት ፋት32 የሚባለውን አደራጀት ነው። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፍላሽ ከፋብሪካ ሲወጣ በኤክስፋት የተደራጀ ስለሆነ መሣሪያው «ፍላሽ የለም» ይላል። በኮምፒውተር ወደ ፋት32 መቀየር ይቻላል፤ በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ቢሆንም የእነዚህ መሣሪያዎች ትንንሽ መስታወቶች የላቲን ፊደል ብቻ ይዘው የተሠሩ ናቸው። በአማርኛ የተሰየመ ዘፈን ስሙ በጥያቄ ምልክት ወይም በባዶ ሣጥን ይታያል፤ አንዳንዱ መሣሪያ ጨርሶ ይዘለዋል። ዘፈኑ ስላልተበላሸ ስሙን በላቲን ፊደል ወይም በቁጥር መቀየር ይበቃል። ብዙዎቹ ዘፈኖችን የሚያጫውቱት በስም ቅደም ተከተል ሳይሆን ፍላሹ ላይ በተገለበጡበት ተራ ነው፤ ስለዚህ 001፣ 002 እያሉ መሰየም ብቻውን ላይረዳ ይችላል፤ በተራቸው አንድ በአንድ ወይም በተራ የሚልክ ፕሮግራም ተጠቅሞ መገልበጥ ይሻላል።

ዘፈን መምረጡ ራሱ ከመነሣት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 17 ሜትር ግድም ይጓዛል፤ ስልኩ ላይ ሦስት ሴኮንድ ያየ አሽከርካሪ 50 ሜትር ያህል መንገዱን ሳያይ ሄዷል። ገመዱም ከመሪውና ከማርሹ ርቆ፣ ከፍሬኑ እግር በላይ በማይንጠለጠልበት በኩል መታሰር አለበት።